«ተረት ተረት» ብዬ መልስ ስጠብቅ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ለተብርሃን፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? የጦሳ ብርድስ ዘንድሮ እንዴት ይዟችኋል? ጋሽ ተወልደብርሃን ስኳሩን እየተጠነቀቁ ነው ወይስ ዛሬም ሻያቸውን ካንቺ ተደብቀው ያጣፍጣሉ? እኔ ከወገቤ ሕመም በቀር ደኅና ነኝ። ስልክ ላይ ግማሹን ሳትሰሚ «እሺ፣ እሺ» ብለሽ እንደምታልፊው ስለማውቅ፣ ይህን ጽፌ ከላምበረት በሚነሣው የደሴ አውቶቡስ ልኬልሻለሁ።

ከዩኒቨርሲቲው ተጣልቼ ከወጣሁ ወዲህ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ እንዳልሆነልኝ ታውቂያለሽ። እዚህ ገርጂ፣ ቤቴ አጠገብ ያለች ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ጠዋት ለሕፃናት ተረት የሚያነብ ፈቃደኛ ትፈልጋለች የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ማስታወቂያው ላይ ሁለት የፊደል ስሕተት ነበረ። እሱን ልነግራቸው ገብቼ ተመዝግቤ ወጣሁ።

ሥራውን የምታሠለጥነኝ ሮዳስ የምትባል የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ናት፤ ዕድሜዋ የተማሪዎቼ እኩያ ነው። መሬት ይቀመጡ አለችኝ፤ ከነወገቤ ተቀመጥሁ። የሚሄደው ልጅ ይሂድ፣ መጽሐፉን የሚያኝከውም ያኝክ፤ ሕፃን መልሱን የሚያገኘው ዘግይቶ ስለሆነ ከጠየቁት በኋላ በልብዎ እስከ ዐሥር ይቁጠሩ አለችኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ሳስተምር የተማሪ መልስ እስከ ሦስት ቆጥሬ ጠብቄ አላውቅም። በመጀመሪያው ቅዳሜ አንዱ ሲያኝክ መጽሐፉን ቀማሁት። እሱ ሲያለቅስ ጎረቤቱ ተቀበለው፤ ወዲያው ዐሥራ አንዱም ሕፃናት አለቀሱ።

እሱስ ያስቃል፤ የባሰው በሁለተኛው ቅዳሜ ነው። «ተረት ተረት» ስል እናቶቹ ሁሉ «የላም በረት» አሉ። በሩ ሥር የተቀመጠች መብራት የምትባል ሞግዚት ግን ብቻዋን፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «የመሠረት» አለች። የምታመጣው ልጅ ሊባን ይባላል፤ ሁለት ዓመት አልፎት ገና አፉን አልፈታም። እኔ ደግሞ ስሕተት ካየሁ አላስችለኝም። አቋርጬ «የኔ ልጅ፣ እዚህ የላም በረት ነው የሚባለው» አልኋት። እናቶቹ ሳቁ። እሷ ልጁን አዝላ ወጣች፤ በሚቀጥሉት ሁለት ቅዳሜዎችም አልመጣችም።

ሮዳስን ለምን እንደ ቀረች ስጠይቃት ዐይኗን ከእኔ ሳትነቅል «ጋሼ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ስልኳን ያልነካች እሷ ብቻ ነበረች» አለችኝ። ያችን የቅዳሜ ሰዓት፣ ልጁ ቃል ያወጣ እንደሆነ ብላ አሠሪዎቿን ለምና እንዳስፈቀደቻትም ነገረችኝ።

ተናድጄ ወጣሁ፤ እስከ መገናኛ በእግሬ ሄድሁ። የታክሲው ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ ነው የደሴው ቤታችን ትዝ ያለኝ። እትዬ፣ እኔስ ተረት ስትነግሪኝ ካንቺ ሥር ተጠቅልዬ የምመልሰው «የመሠረት» እያልሁ አልነበረም? ስምንት ዓመቴ ላይ አዲስ አበባ አጎታችን ዘንድ ስመጣ የሰፈር ልጆች ስቀውብኝ ነው የተውሁት። ያን ሳቅ አርባ ስድስት ዓመት ይዤ ቆይቼ ለአንዲት የሰው ቤት ሠራተኛ አወረስኋት።

አሠሪዎቿ የሚኖሩበትን ሕንፃ አጠያይቄ ሄድሁና በዘበኛው አስጠራኋት። ይቅርታ ጠየቅኋት። ይህ ቃል በእኔ አፍ እንዴት እንደሚከብድ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። «ኧረ ምንም አይደል ጋሼ፤ ልብስ አጠባ በዝቶብኝ ነው የቀረሁት» አለችኝ። ልብስ አጠባው እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

በቀጣዩ ቅዳሜ መጣች፤ በሩ ሥር ተቀምጣ አፏን ዘጋች። «ተረት ተረት» አልሁ፤ እናቶቹ «የላም በረት» አሉ። እስከ ዐሥር ቆጠርሁ። ከዚያ ራሴ «የመሠረት» ብዬ መለስሁ። እናቶቹ ተያዩ፤ መብራት ግን ቀና አለች። ትናንት ገና «ተረት ተረት» ብዬ ሳልጨርስ «የመሠረት» ብላ ቀደመችኝ፤ ሊባንም በሁለት እጁ ወለሉን መታ። ቃል ግን አላወጣም። እኔም መጠበቅ እየለመድሁ ነው።

ጋሽ ተወልደብርሃንን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ነህምያ በርትቶ ያጥና፤ ጽሑፉንም ያሳምር። ዓለምን በሁለት ጉንጯ ሳሚልኝ። እማማ ሃረገወይን ከደጅ ሲያልፉ ካየሻቸው ልጅዎ አልረሳዎትም በያቸው።

አንድ ነገር አደራ። አያ ጅቦ አህያዋን ወንዝ አሻግርሻለሁ ብሎ የማለላትን ተረት ጀምሬላቸው፣ መጨረሻውን ለቅዳሜ ብዬ አሳደርሁት። መብራት ስትወጣ «ከዚያስ ጋሼ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቀውም፤ ወንዙ መሃል ሳይደርሱ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ነህምያ ይጻፍልሽና ላኪልኝ፤ አንቺ «ተረቴን መልሱ» ስትዪ እኔ አንድ ቀን እንኳ ነቅቼ ሰምቼሽ አላውቅም።

ወንድምሽ ዘርአጽዮን
ገርጂ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.