ዝም ብዬ አልወለድኩም

ገርጂ፣ የካቲት 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ውድ እናቴ፣

ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄም ለምዶት ሊጽፈው ነበር። ግን ደህና አይደለሁም፣ ደክሞኛል። ሕፃኗ ደህና ናት። ትጠባለች፣ ታለቅሳለች፣ እንደገና ትጠባለች። ድካሜ ከሷ አይደለም።

ይህን ደብዳቤ እንደ ሌላው ጊዜ መገርሳ እንዳያነብልዎ። ወንድሜን ብወደውም ይህ ወንድ ልጅ ለእናቱ የሚያነበው ነገር አይደለም። ባለሱቋ መኪያ ታንብብልዎ። እሷ አራት የወለደች ናት፣ ምስጢርም ትጠብቃለች። እኔ መጻፍ የተማርኩት በአማርኛ ነውና የከበደዎትን በኦሮምኛ ታስረዳዎት፤ በሩንም ትዝጋው።

እናቴ፣ የዋሸሁዎት ነገር አለ።

ስምንተኛ ወሬን ስይዝ የክሊኒኩ አዋላጅ ሲስተር የሺአረግ አስቀመጠችኝና "የመጀመሪያሽ ነው፤ ስለ ምጡ ከአሁኑ እንነጋገር" አለችኝ። ምጥ የሚነጋገሩበት ነገር መሆኑን ገና ያን ቀን ሰማሁ። እኛ ቤት ምጥ ይመጣል፣ ማርያም ትለመናለች፣ ያልፋል፤ አለቀ። እሷ ግን ምርጫ አለሽ አለችኝ። "አንዱ ያለ ምንም መድኃኒት ነው፤ ትንፋሽሽን እየተቆጣጠርሽ፣ ወገብሽን እየታሸሽ። ሌላው ታፋሽ ላይ የሚወጋ መርፌ ነው። ሕመሙን ጨርሶ አያጠፋውም፣ ያደበዝዘዋል፤ እንቅልፍም ያመጣብሻል። መውለጃሽ ተቃርቦ ከተሰጠ ልጁንም ሊያፈዘው ስለሚችል ሰዓቱን የማየው እኔ ነኝ።" ወገብ ላይ ተወግቶ ከታች ጭራሽ የሚያደነዝዝ አለ ሲባል ሰምቼ ስለነበር እሱንም ጠየቅኳት። ሳቀች። "እሱ እኛ ጋ የለም። ትልቅ ሆስፒታል ብትሄጂም ለኦፕሬሽን ካልሆነ የሚሰጥሽ መኖሩን እንጃ።"

አስቢበትና ንገሪኝ ብላ ሰደደችኝ። አሰብኩበት፤ እንቅልፍ እስካጣ። ባሌን ደቻሳን ባማክረው "እናትሽን ጠይቂ" አለኝ። ስለ ታክሲው ሞተር ሲሆን ማንንም የማይጠይቅ ሰው!

እርስዎንም ጠየቅኩ። ያስታውሱ እንደሆነ የኅዳር ጽዮን ሰሞን ነው፤ እኔ ቤት ቁጭ ብለው ምስር ሲለቅሙ ነበር። ቀና እንኳ ሳይሉ "እኔ ሰባት ስወልድ ጎረቤት ድምፄን አልሰማም። ሴት ልጅ ምጧን ዋጥ ታደርጋለች" አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። ለሲስተርም "ያለ ምንም" ብዬ ነገርኳት፤ ካርዴ ላይ ጻፈችው።

ምጡ ጥር አምስት ቀን ጠዋት መጣ። እርስዎ ክሊኒኩ አላስገባ ስላለዎት ኮሪደሩ ላይ ቀሩ። እስከ ስድስት ሰዓት ነጠላዬን ነክሼ ቻልኩ። ከዚያ በኋላ የኔ ያልመሰለኝ ድምፅ ከሆዴ ሲነሳ ተሰማኝ፤ እርስዎም ከበሩ ማዶ መሆንዎ ትዝ አለኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ከሕመሙ ይልቅ የፈራሁት እርስዎን ነው። "ሲስተር፣ ውጊኝ" አልኳት። መረመረችኝና "ገና ጊዜ አለሽ፣ ይቻላል" ብላ ወጋችኝ። ሕመሙ አልጠፋም፤ ግን ጎረቤት ቤት ያለ ጠብ ይመስል ራቅ አለልኝ። እያንቀላፋሁ፣ እየነቃሁ፣ ዐሥር ሰዓት ላይ ልጄ መጣች።

እርስዎ ዝምታውን ሰሙ፤ መርፌውን አላዩም። ሲገቡ ግንባሬን ስመው፣ እንባ በእንባ ሆነው "የኔ ልጅ! እንደ እናቷ!" አሉ። በዕድሜዬ እንዲያ ኮርተውብኝ አያውቁም። ምን ልበል? ዝም አልኩ። እርስዎም በማኅበሩ፣ በገበያው፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር አወሩልኝ። ገንፎ ሊበሉ የመጡት ሴቶች "አቤት ጀግንነት!" እያሉ መረቁኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩ፤ የጎረስኩትን መትፋት አቃተኝ።

እንደዚሁ ዝም ብዬ በቀረሁ ነበር። ግን ባለፈው እሑድ ደሪቱ መጣች። ያቺ ታናሽ እህቴ ሆዷ ቀድሟት በር ገባ። እግሯ አብጧል፣ ፊቷም ተነፍቷል። ሲስተር የሺአረግ ደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ በምንም ዓይነት ቤት እንዳትወልጂ ብላታለች። እሷ ግን ካርዷን መልሳ መጣች! "የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው። ክሊኒክ ከገባሁ ውጉኝ ማለቴ አይቀርም፤ ራሴን አውቀዋለሁ። አንቺ ድምፅ ሳታሰሚ ወልደሽ እኔ መሳቂያ ልሁን? እማዬ አጠገቤ ካለች እችለዋለሁ" አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው። እጄን ግን ጭምቅ አድርጋ ይዛው ነበር። ፈርታለች፣ እናቴ።

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የወጣው "ሻይ ላፍላልሽ?" ነው።

ስለዚህ የእርስዎንም ላነሳ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። መገርሳ ሲወለድ ስምንት ዓመቴ ነበር። ጥጆቹን ይዤ ወንዝ እንድወርድ ላኩኝ። አንዷ አምልጣኝ እሷን ስከተል ተመለስኩና ከቤቱ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ። ይጮኹ ነበር። የሞቱትን እናትዎን በስም ይጠሩ ነበር። አዋላጇ ሴትዮ "ጎረቤት ይሰማል! ጎረቤት ይሰማል!" እያለች አፍዎን በጋቢ ታፍን ነበር። ማታ ጠርተው "ምን ሰማሽ?" አሉኝ። "ምንም" አልኩ። ፀጉሬን ዳበሱኝ። እነሆ ሃያ ዓመት ሆነው፤ ሁለታችንም አንድም ቀን አላነሳነውም።

ላሳፍርዎ ብዬ አይደለም። የጮኹት ስላመመዎት ነው፤ እኔም የተወጋሁት ስላመመኝ ነው። ያመመው ሰው መጮኹ ነውር መሆኑን ማን እንዳመጣው አላውቅም። እኔና እርስዎ ተሸክመነው እዚህ ደርሰናል። ደሪቱ ግን በዚያ ላይ ደም ግፊት አለባት።

መርፌውን ትወጋ እያልኩ አይደለም። ካሻት ትወጋ፣ ካሻት ወገቧን እየታሸች ትውለድ፤ ምጡ የሷ ነው። ብቻ ሐኪም ባለበት ይሁን። የምትመርጠውንም የኛን ውሸት ሰምታ አትምረጥ። እኔ ብነግራት ልታጽናናኝ ነው ትላለች። እርስዎ "እኔም ጮኼያለሁ" ቢሏት ግን ታምናለች።

ማክሰኞ እርስዎ ጋ ትገባለች። እስከ ሐሙስ እጠብቃለሁ። እስከዚያ ካልነገሯት ሰማንያው ቀን ሳይሞላ፣ ልጄም ክርስትና ሳትነሳ፣ አዝያት በጋሪ አራብሳ እርስዎ ጋ እመጣለሁ። አራስ ቤቷን ጥላ ወጣች ብለው ሰዎች ያውሩብኝ። ስለ መርፌዬ ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት እናገራለሁ። ስለ እርስዎ ምንም አይወጣኝም፤ እሱ የእርስዎ ነው። ብቻ አፌን ቁርጥ ያድርገውና፣ እህቴ ለስሟ ብላ ድምፅ ሳታሰማ እንድትሞትብን አልፈልግም።

እየፈራች የጻፈችልዎ
ልጅዎ ጋዲሴ