ቺንጋ የሌለው ወፍጮና የእኔ ላፕቶፕ

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ቸኮል፣ እነዋሪ።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎስ እንዴት ነው? የዱቄቱ ብናኝ የሚያመጣብዎ ሳል ቀነሰ ወይ? የእማዬስ ጉልበት ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። "ከናፍቆት በቀር" ብዬ በአንዲት ቃል ያለፍኩት ለደብዳቤ ወግ ነው እንጂ ናፍቆቱስ ከብዶኛል። ወፍጮው ጆሮዎን ስለወሰደው ስልክ አይሆንልንም። ለእማዬ በስልክ ብነግራት ደግሞ ለእርስዎ እየጮኸች ስታስረዳ ወፍጮ ቤት ወረፋ የያዘው ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ ይኸው በብዕር።

ለጥምቀት ያልመጣሁት ሥራ ይዞኝ ነው። ታቦቱን ሀና ማርያም ሄጄ ብቻዬን ሸኘሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲዘምር አንድም "ውዳሴ!" ብሎ የሚጠራኝ አልነበረም።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ፤ እንዳይቆጡኝ። በጥቅምት "በቋሚነት ተቀጠርኩ" ብዬ የጻፍኩልዎ ውሸት ነበር። ለቡ ያለው ቢሮ የወሰደኝ ለሦስት ወር ሙከራ ነው። እርስዎ ግን ደብዳቤዬን ወፍጮ ቤት ለመጣው ሁሉ አነበቡለት አሉ። ይህን ስሰማ እውነቱን መናገር አቃተኝ።

ሙከራው የሚያበቃው ባለፈው ዓርብ ነበር። በዚያው ሳምንት ሰኞ አለቃዬ ኮድ ሰጠኝና "እስከ ዓርብ ላፕቶፕሽ ላይ ሲሠራ አሳዪኝ" አለ። ኮድ ማለት ሰው የጻፈው የፕሮግራም ጽሑፍ ነው፤ እርስዎ ጥሬ እህል ይበሉት። ኮምፒውተር እህሉን እንዲሁ አይበላም፤ የሚፈጭለት ኮምፓይለር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። እኔ ትእዛዙን ስሰጥ ግን ስክሪኑ በጽሑፍ ተሞላና ቀጥ አለ። የመጨረሻዋን መስመር አነበብኩ፤ "አልተሳካም" ትላለች።

ጥፋቱ የኮዱ መሰለኝ። እንደገና አወረድኩት፣ እዚህም እዚያም ነካካሁ፣ ሦስት ቀን እንደዋዛ ሄደ። አለቃዬ በጠየቀኝ ቁጥር "ትንሽ ቀረው" እላለሁ። የዚህ ከተማ ሰው ገና አልጋው ላይ ሆኖ "ለቡ ደርሻለሁ" ይላል፤ እኔም ለመድኩላችሁ። አጠገቤ የምትሠራውን መርዋን መጠየቅ እችል ነበር። ይሉኝታ ያዘኝ፣ "ይህንንም አታውቅም" እንዳልባል። ምሳ እንብላ ስትለኝ እንኳ ሳልበላ "በልቻለሁ" ነው የምላት።

ሐሙስ ሁሉም ምሳ ወጡና ብቻዬን ቀረሁ። ሻንጣዬን ይዤ እነዋሪ ስገባ፣ እርስዎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲያፍሩ ታየኝና አለቀስኩ። ያኔ ነው ወንድሜ ሚሳኤል ትዝ ያለኝ። ወፍጮው አልዞር ብሎት ድንጋዩን ሊፈታ ግማሽ ቀን ሲታገል፣ እርስዎ መጥተው "ለመሆኑ ቺንጋው የታለ?" አሉት። ለካ ድንጋዩን የሚያዞረውን ቺንጋ ሊያስጠግኑ ራስዎ ወስደውታል!

ጽሑፉን ወደ ላይ መለስኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት። "ኮምፓይለር አልተገኘም" ይላል፣ በግልጽ። ላፕቶፔ ላይ ጭራሽ አልነበረም። ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተሩን ዋና ፕሮግራም የጫነልኝ ባለሱቅ "ሙሉውን ልጫን ወይስ ቀለል ያለውን?" ሲለኝ፣ ላፕቶፑ አሮጌ ነው ብዬ "ቀለል ያለውን" ያልኩት እኔው ነኝ። በሚሳኤል ስስቅ ኖሬ!

አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፍኩ፣ ኮምፓይለሩ ከኢንተርኔት ወርዶ ተጫነ። ኮዱን መልሼ ስሰጠው ሩብ ሰዓት ያህል ፈጨና ፕሮግራሙ ተነሣ። ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። የነበሩት ወንበሮች ብቻ ናቸው።

ዓርብ ለአለቃዬ አሳየሁት፤ "ጥሩ ነው" ብሎ አለፈ። ዛሬ ሰኞ ግን የቋሚነት ደብዳቤ ሰጡኝ። ስለዋሸሁዎ ይቅር ይበሉኝ። መርዋ እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ፤ ነገ ለምሳ ከጠራችኝ እሄዳለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ሚሳኤልን ይቅርታ ጠይቃሃለች ይበሉት። ትንሿን እህቴን ናዝሬትን ሁለቱንም ጉንጮቿን ይሳሙልኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሐሙስ ዕለት፣ እንዳጨበጨብኩ፣ እንደማይሰሙኝ እያወቅኩ ስልክ ደወልኩልዎ። ከኋላዎ ወፍጮው ይጮሃል። "ሃሎ፣ ማነው? ምነው ዝም አልክ?" ብለው ዘጉት።

ዝም አላልኩም አባባ። እየጮህኩ ነበር።

ልጅዎ ውዳሴ ቸኮል
ፉሪ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.