ውሃ የጫኑ የሸክላ ግመሎች

ይድረስ በዱንሁዋንግ ለሚገኙት ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ዋኽሻክ፤

የአባታችን እሳት በቤትዎ አይጥፋና፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ያ የጉልበትዎ ሕመም ለቀቀዎት ወይ? ልጆቹስ፣ ግመሎቹስ እንደምን አሉ? እኔ በቻንጋን ደህና ነኝ፤ ከሙቀቱ በቀር የጎዳኝ የለም።

ባለፈው ወር "ሻለቃ ሁዋንፑ ወታደር ይዞ ወደ ምዕራብ ያልፋልና፣ የሐብሐብ ወቅት ሲያልቅ አርባውን ግመል ጭነው አብረውት ይውጡ" ብዬ የጻፍኩልዎ እኔ ነኝ። ያን ቃሌን አንስቻለሁ። አይውጡ።

ለመቃብር የሚሆን የሸክላ ፈረስና ግመል የሚሠራው ሽማግሌው ዩ ከዚህ ከተማ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ የጭነት አስተሳሰሩን እንድመለከትለት አልፎ አልፎ ያስጠራኛል። ሰሞኑን ብሄድ አሥራ ሁለት ግመሎች ከእቶን ወጥተው፣ አንገታቸውን አቅንተው አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል። እዚህ አገር ሟች ሁሉ ሐርና ወይን ጠጅ አስጭኖ ነው የሚቀበረው። እነዚህ ግን አሥራ ሁለቱም የውሃ እርኮት ብቻ ተጭነዋል።

ማን ሞተ ብዬ ጠየቅሁት።

"ሟቹማ ትናንት በእግሩ መጥቶ አይቷቸው ሄደ፤ ቀለሙንም ወደደው" ብሎ ሳቀብኝ።

ለካ ሻለቃው ኖሯል። ሰው በጤናው የመቃብሩን ዕቃ ቢያሰናዳ እዚህ ነውር የለውም፤ ዕድሜ ይጨምራል ይላሉ። እኔም በዚሁ ባለፍኩት ነበር። ነገር ግን ዩ ትንሽ ሐር ልጨምርበት ቢለው፣ "ሐሩን ተወው አባቴ፤ በምሄድበት መንገድ ጠላት ያልደፈነው የውሃ ጉድጓድ የለም። ስሞት እንኳ ልጠጣ" አለው አሉ።

ቤቴ ገብቼ የዕለት ማስታወሻዬን ገለጥኩ። ሻለቃው በነጋዴዎች ፊት ጽዋ አንስቶ "መንገዱ እንደ እናት ጉያ ነው" ብሎ የማለው ባለፈው ወር በአምስተኛው ቀን ነው። ዩ እንደነገረኝ ጭቃውን ያቦካው ደግሞ በሁለተኛው ቀን ነው። ሲምልልን መቃብሩን አዝዞ ነበር። ከእርስዎ የሚፈልገው ግመሎቹን ነው፤ በረሃው መሐል ሐርዎን አራግፎ ለወታደሮቹ ውሃ ሊጭንባቸው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ምንጣፍ ነጋዴ የሚጓዘው ከዚያው ሻለቃ ጭፍራ ጋር ነው፤ ሌላ ሰው አጣሁ። ስለዚህ በምንጣፍ ውስጥ ሰፍቼዋለሁ። ይህን ሲያነቡ ሻለቃው ደጅዎ ቆሞ ሊሆን ይችላል። እንግዳ ነውና ያብሉት፣ ያጠጡት። ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ታዝዞ የሚሄድ፣ ብቻውን መሞት የፈራ ሰው ነው። ይህ ግን ከክፉ ሰው ይብሳል።

እንግዲህ ሰላምታውን እንደ ወትሮው ቤተሰቡን ሰብስበው በቋንቋችን ጮክ ብለው ያንብቡልኝ። የእናታችንን ጉልበት ስሜያለሁ። ልጆቹን ሁሉ በየስማቸው ይሳሙልኝ። እትዬ ኡፓች፣ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ ለሻለቃው አንዴ ቃል ሰጥቻለሁ ብለው እንቢ እንደሚሉ ሁለታችንም እናውቃለን። አሁኑኑ ይነሡና ግመሎቹ የሚመሩበትን የአፍንጫ እንጨት ለቅመው ምድጃ ውስጥ ይማግዱት። አርባ ሌላ ተጠርቦ እስኪያልቅ ሻለቃው አይጠብቅም።

ታናሽ ወንድምዎ ፔሳክ
ቻንጋን፣ ምዕራብ ገበያ
በዶሮ ዓመት፣ በስድስተኛው ወር፣ በሃያኛው ቀን