ሽማግሌዎቹ ከውጤቱ ቀድመው መጡ

አስካለ፣

ከተለየሽኝ ወዲህ ሁለተኛው የስንዴ አጨዳ እያለቀ ነው። እስከ ዛሬ አልጻፍኩልሽም። ለሞተ ሰው ደብዳቤ የሚጽፍ ሥራ የፈታ ሰው ነው ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም ከዚህ ሐሳብ ብዙ አልራቅሁም። ግን ሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የምጠብቀው ነገር አለ። ግድግዳ ከማየት ላንቺ መናገር ይሻላል። ልጃችን ሰናይት አጠገቤ ናት። ምን እየጻፍክ ነው ስትለኝ የኮምባይነር መለዋወጫ ዝርዝር ነው አልኳት። አላመነችኝም።

ቤቱ ደህና ነው። ጓሮ የተከልሽው ኮክ ዘንድሮ አፈራ፤ ፍሬው ትንሽ ነው፣ ይጣፍጣል። ያንን ስትጨቀጭቂኝ የነበረውን የጣራ አሸንዳ አደስኩት። አሁን ውሃው በር ላይ አይወርድም። አንቺ በሌለሽበት መሠራቱ ያናድደኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ክረምቱ ሲወጣ በቀኝ ጎኔ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር አንድ ነገር ይወጋኝ ጀመር። ሱሪዬም ሰፋኝ። ቀበቶዬን በምስማር በስቼ ዝም አልኩ። ሰናይት አዲሱን ቀዳዳ አይታ ያዘችኝ። አንቺ ብትሆኚ ከቀበቶው በፊት ታውቂ ነበር። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላከኝ፤ ሆስፒታሉ በአልትራሳውንድ አየኝና ጉበትዎ ላይ ጥላ ይታያል፣ ሲቲ ስካን ይነሱ አለኝ። ጥላ ማለት ምን ማለት ነው ብል፣ እሱን ለማወቅ ነው የሚነሱት አሉኝ።

የጤና መድኅኑን መታወቂያ ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ዘንድሮ ሳሳድሰው የቀበሌው ጸሐፊ የሟች ፎቶ ይነሳ አለኝ። ሕጉ እንደዚያ ካለ ሕጉ ራሱ መጥቶ ያንሳው አልኩት። እስካሁን አልመጣም። ከእኔ ጎን እንዳለሽ አለሽ፤ አሁን የደረት ኪሴ ውስጥ ነሽ።

አንቺን ሲቲ ስካን ለማስነሳት አዳማ ድረስ ነበር የሄድነው፤ ዛሬ ማሽኑ እዚሁ አሰላ ገብቷል። ትልቅ ቀለበት ነው። ይተኙ፣ እጅዎን ወደ ላይ፣ ትንፋሽ ይያዙ፣ ይልቀቁ። ስወርድ የሚያነሳውን ሰው ምን አየህ ብዬ ጠየቅሁት። እኔ አነሳለሁ እንጂ አላነብም፣ የሚያነበው ሐኪሙ ነው አለኝ። ታውቂያለሽ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ኮምባይነር የፈታሁት ባለቤቱን አጠገቤ አቁሜ ነው። ማርሹ ተበልቶ እንደሆነ ተበልቷል እለዋለሁ። ይሳደባል፣ አጨዳው ሊያልፍበት ነውና አንዳንዱ ያለቅሳል፤ ግን የራሱን ነገር ያውቃል። እኔን ግን ከፍተው አይተው፣ ዘግተው፣ ሰኞ ይምጡ አሉኝ።

ሰኞ ሐኪሙ ሥልጠና ሄዷል ተባለ። በሐሙሱ መብራት የለም ተባለ። በዚያው ሐሙስ መስኮቱ ላይ ያለችው ነርስ መታወቂያዬን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየችና፣ “አባባ፣ ብቻዎን ነው እንዴ የሚመላለሱት? በሚቀጥለው ቤተሰብ ይዘው ይምጡ” አለችኝ። በደግነት ነው ያለችው። ደግነቷ ነው ያስፈራኝ። 

በእኛ አገር ክፉ ወሬ ለባለቤቱ መጨረሻ ነው የሚደርሰው። ወንድምሽ ጎበሳ ከተማ ላይ ያረፈ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ አንቺ ብቻ ሳትሰሚ አደርሽ። ጎህ ሲቀድ ጋቢ የለበሱ ሰዎች በራችን ላይ ቆመው ስታዪ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ጮኽሽ። ያንቺ ተራ ሲደርስም አዳማ ላይ ሐኪሙ እኔን በጣቱ ጠቅሶ ወደ ውጭ ጠራኝ። አንቺ ግን ከአልጋሽ ቀና ብለሽ፣ “ዶክተር፣ ሆዱ የእኔ ነው፤ ለእኔ ንገረኝ” አልሽ። ደንግጦ ተመለሰና ነገረሽ። ጨርሰሽ ሰማሽው። ከዚያ “እሺ፣ አሁን ምሳ እንብላ” አልሽ። ብዙ ደፋር ሰው አውቃለሁ፤ እንደዚያ ያለ አላየሁም።

ስለዚህ ሰናይትን አስጠነቀቅኋት። ውጤቱን ማንም ቀድሞኝ እንዳይሰማ፣ እሷም ከሰማች ፊት ለፊት እንድትነግረኝ አልኳት። እሺ አለች። በማግሥቱ ዓርብ፣ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ በሆስፒታሉ በኩል አልፋ ጠየቀች። አልደረሰም አሉ አለችኝ፤ ዓይኔን ሳታይ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ተለዋወጠብኝ። ስልክ ሲጠራ ሰናይት ወደ ጓሮ ትወጣለች። የሳሎኑን መጋረጃ አወረደችና አጠበች። ከጎረቤታችን ከሐጂ ከድር ቤት ወንበር ተበድራ አመጣች። ብርሃኑ ከአዳማ ደወለና “አባዬ፣ ደህና ነህ?” አለኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያንኑ ጠየቀኝ። ልጅሽን ታውቂዋለሽ፤ አንድ ጊዜ ከጠየቀም ትልቅ ነገር ነው። ግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ወንበሮች አየሁና ነገሩ ገባኝ። ይህ የለቅሶ ወንበር ነው አልኩ በልቤ። ሁሉም ያውቃል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

እሑድ በማለዳ በር ተመታ። ስከፍት ሐጂ ከድር ከፊት፣ ከኋላው የማላውቃቸው ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ፣ የከበደ ፊት። ግቡ አልኳቸው፤ ገቡ። ተቀመጡ አልኳቸው። ሐጂ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ “አንቀመጥም። ቆመን የምንናገረው ጉዳይ አለን” አለ።

አንቺ ይህን ስትሰሚ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሽማግሌ አልቀመጥም ብሎ ሲቆም ምን ፈልጎ እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ለእኔ ግን በዚያ ሰዓት የሚታየኝ ጥላው ብቻ ነበር። አንዴ ታገሡኝ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ለብርሃኑ ሰርግ የገዛሽልኝን ኮት ለበስኩ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፍኩ። ወጥቼ ፊታቸው ቆምኩና፣ “ሐጂ፣ ስንት ዘመን በአንድ አጥር ኖረናል። ዙሪያውን አትዙርብኝ። ካንሰር ነው በለኝና ቁርጤን ልወቅ” አልኩት።

 አንደኛው ሽማግሌ በሩን ዞር ብሎ አየ፤ ቤት የተሳሳቱ መስሎት ነው።

“ያ ጃርሳ!” አለ ሐጂ፤ ሲናደድ በኦሮምኛ አንተ ሽማግሌ እንደሚለኝ ታውቂያለሽ። “ምን ነካህ? እኛ ልጅህን ልንለምን ነው የመጣነው! ሰዎቹ ከሳጉሬ በሌሊት የተነሱት አንተን ሊቀብሩ መሰለህ?”

ሁለተኛው ሽማግሌ፣ “ለቀብሩም ቢሆን አንቀርም፤ ግን አስቀድመው ልጅዎን ይስጡን” አለ።

ሳላስበው ሳቅሁ። ሐጂ ከዘራው እስኪወድቅ ሳቀ። ከጓዳ ግን የሰናይት ሳቅ አልመጣም። ስታለቅስ ሰማኋት። ለካ አባቷ ይህን ሁሉ ቀን ምን ይዞ እንደሚዞር አታውቅም ነበር።

አስካለ፣ ይህ ሥራ ያንቺ ነበር። ልጅ ለእናቷ ትነግራለች፤ እናት አመቺ ሰዓት ጠብቃ ለአባት ታሰማለች፤ አባት የሰማውን እንዳልሰማ ሆኖ ሽማግሌ ይጠብቃል። አንቺ ስትሄጂ መሐል ያለው ድልድይ ፈረሰ። ሰናይት ማን ያሰማላት? እኔን ፈራች፤ ለብርሃኑ ነገረች፤ ብርሃኑም ዝም በዪ፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይንገሩት አላት። ስልኩም፣ መጋረጃውም፣ ወንበሩም ይኸው ነበር። ውጤቱም የእውነት አልደረሰም ነበር። ልጁ ሳጉሬ የሚያስተምር፣ ከእሷ ጋር የተማረ ነው። በስም እንኳ አላውቀውም ነበር።

እንደ ወጉ ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠርኳቸው። ሊወጡ ሲሉ ግን፣ ውጤቴ ሳይመጣ መልስ የለኝም አልኩ። ሐጂ ጢሙን ጎተተና “ሰርግን ከጉበት ጋር ማን አሰረው?” አለኝ። እኔ አሰርኩት አልኩት።

ምክንያቴን ለእሱ አልነገርኩትም፤ ላንቺ ልንገርሽ። ሰናይት አንቺን ለማስታመም ሥራዋን ትታ ቤት የዋለች ልጅ ናት። ወረቀቱ ክፉ ነገር ይዞ ቢመጣ እኔን ጥላ የትም አትሄድም። ግትርነቷን ከማን እንደወረሰችው አንከራከርም። ስለዚህ ውጤቱን አስቀድሜ ልሰማ፣ ክፉ ከሆነም ደህና ነው ብያት ልድራት አስቤ ነበር። እኔን እንዳትደብቂኝ ያልኳትን ልጅ እኔ ልደብቃት። ሳምንቱን ሙሉ ይህን ሳሰላስል ያንቺ ድምፅ አላስቀምጥ አለኝ። ሆዱ የእኔ ነው ያልሽው።

ዓርብ ዕለት ሄድን፤ ሐኪሙ አንብቦታል፣ ግን አልተፈረመም፣ ለሰኞ ተባለ። እንግዲህ እሑድ ከሰኞ ይቀድማል።

ትናንት ሽማግሌዎቹ መጡ፤ እንደገና ቆሙ። ወጉ ልጅቷ እዚያ እንድትቆም አይፈቅድም። ጠራኋት። ሐጂ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ሁሉም እየሰማ እንዲህ አልኳት፤ “ነገ ውጤቱን አብረን እንሰማለን። ከእኔ አይደበቅም፣ ካንቺም አይደበቅም። ክፉ ቢሆን ወንድምሽ አለ፣ ሐጂ አለ፣ ሳጉሬም በሚኒባስ ቅርብ ነው። በእኔ ሕመም ምክንያት ይህ ነገር አይቀርም፣ አይዘገይም። አሁን አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ልጁን ትፈልጊዋለሽ?”

መሬት መሬት እያየች “እፈልገዋለሁ” አለች። ድምፅዋ ያንቺን ይመስላል፤ ቀጭን ነው፣ አይንቀጠቀጥም።

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩና ተቀመጡ አልኳቸው።

ተቀመጡ።

ይኸው ዛሬ ሰኞ ነው። መስኮቱ ተከፍቷል፤ ፋይል ይዘው ይወጣሉ፣ ይገባሉ፣ የሰው ስም ይጣራሉ። በተጣራ ቁጥር ሰናይት እጄን ትይዛለች፤ የእኔ ስም ሳይሆን ሲቀር ትለቀዋለች። አልፈራም አልልሽም። ጎኔም ይወጋኛል። ሐኪሙ እሷን ወደ ውጭ ቢጠራት የምለውን ግን አውቃለሁ። ካንቺ ተምሬዋለሁ።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ያን ዕለት ቆሜም ልሁን ተቀምጬ፣ ወይም አልጋ ላይ፣ ሰናይት ከቤት ስትወጣ ጉልበቴን ሁለት ጊዜ ትስማለች። ነግሬያታለሁ። የመጀመሪያው የእኔ ነው። “ሁለተኛውን ለእናትሽ እቀበልላታለሁ” ብያታለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ጉልበት ላንቺ ስል እጠብቀዋለሁ።

ባልሽ ተሰማ