ወደ ታች ያነበብኩት

ጥቅምት 6፣ ማክሰኞ

ጎረቤቴ ትናንት ከሆስፒታል ወጣች። ወገቧን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ሦስት ወር እንዳትቀመጥ ብለዋታል፤ ወይ መተኛት ወይ መቆም። ወንዱ ልጇ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ መጥቷል። ባሏ እንደ ወትሮው በር ላይ ቆሞ ይቁነጠነጣል፣ ምን እንደሚይዝ ጠፍቶበት። ሾርባ ይዤ ሄድኩ። ተኝታ እንኳ አፏ አያርፍም። "አንቺ ሴትዮ፣ አልጋው ሲጢጥ እያለ አስቸገረኝ፣ የስፌት መኪናሽን ዘይት አምጪና ቀቢልኝ" አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ ጭንቀቷን አወጣችልኝ።

ወገቧ አይደለም ያስጨነቃት። ትንሿ ልጇ ናት... ፕሮፌሰሯ። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ በስድስት ዓመቷ፣ ከመቶ ወደ ኋላ ስትቆጥር ሰምቼ። ዓይኗ ከተወለደች ጀምሮ አያይም። ይኸው ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ደረሰች፣ ያውም ሒሳብ! እስከ ዛሬ የምታነብላት እናቷ ነበረች። ወንድሟ እናቱን ሲያስታምም ይውላል፤ አሁን ማን ያንብብላት?

"እኔ አለሁ አይደል?" አልኩ። አፌ ቀደመኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው!

ጥቅምት 9፣ ዓርብ

ተጀመረ። ትምህርቱ አድቫንስድ ሊኒየር አልጀብራ ይባላል። ስሙን ለመልመድ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ማትሪክስ የሚሉት ነገር ቁጥር በሳጥን የተደረደረበት ነው። እኔ አነባለሁ፣ እሷ በጭንቅላቷ ትይዛለች። ሲበዛባት ግን ያመልጣታል። ምን ይደረግ? ባዶ የእንቁላል ካርቶንና አንድ ጣሳ የሸሚዝ ቁልፍ ከሱቄ አመጣሁላት። በየጉድጓዱ የቁጥሩን ያህል ቁልፍ መጣል ነው። ኔጌቲቭ ከሆነ ባለ ጠርዙን ቁልፍ፣ በጣቷ እንድትለየው። ስትዳስሰው ፊቷ በራ።

"አክስትዬ፣ ይሄን ማን አስተማረሽ?"

"ማንም። ብቻ ቁጥሩን እንዳልስትብሽ ፈርቼ።"

"አንቺ ትስቻለሽ?"

"ሃያ ሁለት ዓመት ልኬት ስጽፍ ኖሬ? ቁጥር አልስትም!" አልኳት፤ ደረቴን ነፍቼ።

ጥቅምት 17፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጠየቅኳት። ይሄ ሁሉ ቁጥር የሚፈለገው ለምንድን ነው? "የሚሳብ ጨርቅ አለሽ?" አለችኝ። የቲሸርት ቁራጭ አመጣሁ። በጠመኔ መስመር በየአቅጣጫው አሰመረችኝ። እሷ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው ይዘን ሳብነው።

"አሁን የትኞቹ መስመሮች ናቸው ያልዞሩት?"

አየሁ። ሰያፎቹ ሁሉ ተጋደሙ። በሳብነው በኩል ያለው ግን ረዘመ እንጂ አልዞረም። እሱን የሚያቋርጠውም ቢሆን አጠረ እንጂ እንደቆመ ነው።

"እነዚህ አይገን ቬክተር ይባላሉ። ስንት እጥፍ ረዘመ፣ ስንት አጠረ የሚለው ቁጥር ደግሞ አይገን ቫልዩ። በቃ የኔ ሥራ ከየማትሪክሱ ውስጥ እነዚህን መፈለግ ነው።"

ይኸው ነው እንዴ? ይሄንንማ እጄ ስንት ዘመን ያውቀዋል... ስሙን የነገረው ሰው አጥቶ ነው እንጂ።

ጥቅምት 28፣ ረቡዕ

አሳይመንቱን አስረከበች። አሥራ ሁለት ጥያቄ። ከመቶው አርባውን ይይዛል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መጀመሪያም "ዓይነ ስውር ለሒሳብ አይሆንም" ብሎ በሙከራ ነው የተቀበላት። ይሄን ትምህርት ከወደቀች ወደ ሌላ ክፍል ያዛውሯታል። ይሄን የነገረችኝ እናቷ ናት። እኔም ቀኑን ሙሉ መርፌ ስሰብር ዋልኩ።

ኅዳር 7፣ ዓርብ

ምን ዓይነት ቀን ነው...

ውጤት ወጣ። ከአንዷ ጥያቄ በስተቀር በሁሉም ላይ ቫልዩው ልክ፣ ቬክተሩ ስህተት። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም መምህሩ። "የመጀመሪያውን መልስ ሰው ሰጥቶሻል፣ ሁለተኛውን ራስሽ ስትሞክሪ አበላሸሽው" አላት። ኮርጀሻል ማለቱ ነው! የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ክሱ ከጸናባት ከሒሳብ ወጣች ማለት ነው።

"ምናልባት አንባቢሽ ተሳስታ እንደሆነ ብሎ ጠየቀኝ" አለችኝ። "አክስቴ ሃያ ሁለት ዓመት ልኬት ስትጽፍ ኖራለች፣ ቁጥር አትስትም አልኩት።"

አቀፍኳት። ትንሽ ልጅ ሆና እንኳ እንዲህ ስታለቅስ አላየኋትም። "ጭንቅላቴ ነው አክስትዬ። የሆነ ቦታ ደደብ ነኝ፣ የት እንደሆነ ግን አላገኘሁትም።"

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ቀጭኔን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሱቅ የምንጋራው ረጅሙ ልብስ ሰፊ። ትናንት ጎረቤቴ ጋ ስሄድ የሦስት እህትማማች ደንበኞቼን ቀሚስ ከደብተሬ አይቶ እንዲቆርጥልኝ ነግሬው ነበር። ጠዋት ስገባ አንዱን ሰፍቶ ሰቅሎታል።

"እሜቴ፣ ይቺ ሴትዮ ቀሚስ ነው ያዘዘችው ወይስ በርሜል?"

ደረት 92። ወገብ 104። ዳሌ 86።

"አንተ! የሦስቱን ሰው ደረት ነው እኮ አንዷን ያለበስካት! ወደ ጎን ማን አንብብ አለህ? የአንድ ሰው ልኬት ወደ ታች ነው፤ ደረት፣ ከሥሩ ወገብ፣ ከሥሩ ዳሌ።"

"ሰው ሁሉ ወደ ጎን ነው የሚያነበው። ወደ ታች የምታነቢ አንቺ ብቻ ነሽ።"

እስኪያመን ሳቅን። እየሳቅኩ ሳለ... መቀሱ እጄ ላይ ቀረ።

ማትሪክሱን በየት በኩል ነበር ያነበብኩላት?

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

ልነግራት ሄድኩ። ገና ከደጅ እናቷ "አንቺ ባትኖሪ ምን እንሆን ነበር!" አለችኝ። አልጋውን ዘይት ቀብቼ፣ ሳልነግራት ተመለስኩ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ፈታሁ። ደግሜ ገልብጬ ሰፋሁ። ቀጭኔ አየኝና እጅጌውን ከእጄ ወስዶ ራሱ ሰፋው።

ምናልባት ወደ ጎን አንብቤ ከሆነስ? የጥያቄውን ወረቀት አውጥቼ ጮክ ብዬ ሞከርኩት። አፌ ራሱ ወደ ታች ወረደ።

ኅዳር 14፣ ዓርብ

ለንባብ ቤቴ ስትመጣ ነገርኳት።

ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ካርቶኑን ሳበች። "የመጀመሪያዋን ጥያቄ፣ ያኔ እንዳነበብሽው" አለች። ሁለት፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ሦስት አልኳት። ከላይ ሁለት ቁልፍና ባዶ ጉድጓድ፣ ከታች አንድና ሦስት ደረደረች። "አሁን ወደ ጎን።" ሁለት፣ አንድ፣ ዜሮ፣ ሦስት። ከታች በግራ ያለችውን ቁልፍ አንስታ ላይ ወዳለው ባዶ ጉድጓድ አዛወረቻት። አንዲት ቁልፍ! ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ አሰላች።

"ቫልዩዎቹ ያው ናቸው። በየትም በኩል ቢነበብ አይለወጡም። ቬክተሮቹ ናቸው የሚለወጡት።" ከዚያ ሳቅ የመሰለ ነገር አመለጣት። "ያቺ ልክ የሆነችው ጥያቄ... እሷ ወደ ጎንም ወደ ታችም ስትነበብ አንድ ነበረች። ደደብ አይደለሁም!"

"አይደለሽም የኔ እናት። ማክሰኞ እንዳወቅኩት ሮጬ..."

እጇ ቆመ። "ማክሰኞ?"

ምነው ያን ጊዜ ምላሴ በተቆረጠ። 

"መሳሳቱስ ይሁን፣ ሰው ይሳሳታል። ሦስት ቀን ሙሉ ራሴን ስረግም ግን አንቺ ታውቂ ነበር።" ዘንጓን ይዛ ወጣች። ካርቶኑ እኔ ጋ ቀረ።

ኅዳር 17፣ ሰኞ

የዘንጓ ድምፅ በደጄ አለፈ። አልቆመም።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

ዛሬም።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ

ኮሚቴው ፊት ማንም አልጠራኝም። ሄድኩ። የልኬት ደብተሬን በብብቴ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ወንድሟ አብሯት ነበር፤ አየኝና በጆሮዋ አንሾካሾከላት። ፊቷን አላዞረችም። ግን "አስገቧት፣ ያነበበችልኝ እሷ ናት" አለቻቸው በሩን የሚጠብቁትን።

ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ደብተሬን ዘረጋሁላቸው። የአንዷን ልኬት በጣቴ ወደ ታች እየተከተልኩ አሳየኋቸው፣ ማትሪክሱንም እንዲሁ እንዳነበብኩላት ነገርኳቸው። መምህሩ ቀጭን ሰው ነው፤ እኔን ትቶ ደብተሩን ብዙ አየው። ከዚያ የራሱን ጥያቄዎች ገልብጦ መሥራት ጀመረ። እስክሪብቶው ብቻ ነው የሚሰማው። መቼ ነው የሚጨርሰው... እግሬ የሌለውን የስፌት መኪና ፔዳል ይረግጣል።

"አሥራ ሁለቱም ልክ ናቸው" አለ በመጨረሻ። "በተነበበላት መሠረት አንድም አልሳተችም። ይሄ ደግሞ ከማንም ሊኮረጅ አይችልም፤ ይህን መልስ የጻፈ ሌላ ተማሪ የለም።"

ኃላፊው ግን ወደ እኔ ዞረ። "ታዲያ እርስዎ እስካሁን የት ነበሩ?"

ምን ልበል? ሥራ በዝቶብኝ? ታምሜ?

"ፈርቼ ነው" አልኩ። "እናቷ አምናኝ ነበር። እሷም።"

ያን ጊዜ ነው ፊቷን ወደ ድምፄ ያዞረችው።

ክሱ ተሰረዘ። ማርኩም ይስተካከልላታል። ከአሁን በኋላ ግን አንባቢ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይመድብላታል ተባለ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ወደ ቤት የመጣሁት ብቻዬን ነው።

ታኅሣሥ 6፣ ቅዳሜ

ጎረቤቴ ዛሬ በእግሯ መጣች! ባሏ ክንዷን ይዞ፣ እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀላት። ይኸው የሚይዘው ነገር አገኘ። ተቀመጪ አልኳት። "ሐኪሙ ከልክሎኛል" ብላ በር ላይ ቆማ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችኝ። ወንዱ ልጇ ወደ ሥራው ተመልሷል። የተመደበው አንባቢ ድምፁ የሬዲዮ ዜና ይመስላል አለች፤ ስህተት የሚባል የለውም። ቀጭኔም ብቅ ብሎ "እሜቴ ልኬቷን ወደ ጎን መጻፍ ጀምራለች፣ በርሜል የሚያለብስ ሰው ጠፋ" ብሎ አሳጣኝ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ የዘንጓ ድምፅ መጣ። ቆመ።

ገብታ ተቀመጠች። ጠረጴዛውን ዳሰሰች፤ ካርቶኑ የተወችበት ቦታ ላይ ነው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካቻቸው። ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች።

"ያኛውስ አንባቢ?" አልኳት።

"ጥሩ ነው። ጨርቅ የለውም እንጂ።"

ወረቀቱን ተቀበልኩ። መነጽሬን አጠለቅኩ። ጣቴን የመጀመሪያው ቁጥር ላይ አሳረፍኩ።

"ወደ ጎን ነው አይደል?"

"በፈለግሽው በኩል አንብቢው አክስትዬ" አለችኝ። "በየት በኩል እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ። እኔ አዞረዋለሁ።"