በአልኮል የጠረግኩት ድምፅ

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ

ይድረስ ለምሳሳልሽ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እግሬ አበጠ ያልሽኝስ ተሻለሽ? ከፍ አድርገሽ እየሰቀልሽ ተኚ፤ እናትሽ አንቺን ስታረግዝ እንደዚያ ነበር የምታደርገው። እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ግን እመኚኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ከአራት ወር ወዲህ የነገርኩሽ ብዙው ውሸት ነውና።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አወራሁ። ደግሞ ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ብትሰሚ ወዲያው "ምንም አይደለም አባዬ" ትይኛለሽ። እንደዚያ እንድትይኝ አልፈልግም። ስለዚህ በወረቀት ይሁን።

የእናትሽ ድምፅ ያለበትን ሃርድ ዲስክ ላክልኝ ስትይኝ መጀመሪያ "እየተቀዳ ነው" አልኩሽ። ቀጥዬ "ኢንተርኔቱ ደካማ ሆኖ ነው"፣ ኋላም "ባለሙያዋ ታማ ነው" አልኩሽ። ሴትዮዋ እንደ ብረት ጤነኛ ናት። ዲስኩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

እናትሽ አልጋ ላይ በዋለችባቸው ወራት አጠገቧ ቁጭ ብለሽ ስትቀርጫት እንዴት እንዳሾፍኩብሽ አትረሺውም። ካረፈች በኋላም፣ ልትሄጂ ስትይ፣ ዲስኩን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠሽ "አደራ" ስትይኝ፣ "ማን ይነካዋል? እኔ እንደሆነ አልሰማውም" ብዬ ፎከርኩ።

ሰማሁት። በሄድሽ በሳምንቱ ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት አሮጌውን ላፕቶፕሽን እከፍትና ከስድሳ ሦስቱ ቅጂዎች አንዱን እመርጣለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንድ ቀን ስለ ልጅነቷ እያወራች ሳለ ማድ ቤት የጣድኩት ውሃ ገነፈለ። ወሬዋን ላላቋርጣት ብዬ ላፕቶፑን አቅፌ፣ ዲስኩን በገመዱ አንጠልጥዬ ስሮጥ፣ ገመዱን የበሩ እጀታ ያዘውና ዲስኩ ሲሚንቶ ላይ ወደቀ። ድምፅዋ መሃል ላይ ቀጥ አለ። መልሼ ስሰካው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል እንጂ ላፕቶፑ አላውቅህም አለው። ገመድ ቀየርኩ፣ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካሁ፤ ያው ነው።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ከፖስታ ቤቱ ማዶ ኮምፒውተር የምትጠግን ሴት አለች፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሬ የት ገባ የምትል። ደወልኩላት። "አባባ፣ ሁለተኛ እንዳይሰኩት፣ እንዳይከፍቱትም። እንዳለ ያምጡልኝ" አለችኝ። እሺ አልኳት። ግን አርባ ዓመት ሙሉ ራዲዮና ቴፕ የጠገንኩ ሰው ነኝ። የሰፈሩ ቴፕ ሁሉ ድምፁ ሲታፈን እኔ ጋ ነበር የሚመጣው፤ ካሴቱን የሚያነበውን ሄድ በጥጥና በአልኮል ጠረግ አድርጌ ስመልሰው ይመርቁኝ ነበር። ልጄ የምትሆን ሴት "እንዳይከፍቱት" ስትለኝ ይኸው ያ እልሄ ተነሣ።

ከፈትኩት። ለብሎኖቹ የሚሆን መፍቻ ባጣ አንዱን መፍቻ ሞርጄ በልካቸው ሠራሁላቸው፤ በዚያም ኮርቼ ነበር። ውስጡ እንደ መስታወት የሚያበራ ክብ ሳህን አለ። ፊቴን አየሁበት። እፍ አልኩበት። ከዚያ ጥጡን አልኮል ነክሬ እንደ ቴፕ ሄድ ጠረግኩት ልጄ፣ ክብ ክብ እያደረግኩ፣ እየተጠነቀቅኩ። ዘግቼ ስሰካው ቀጭ ማለቱን ትቶ ይፋጭ ጀመር።

ሴትዮዋ ዘንድ ስወስደው ገና ብሎኑን አይታ "ማን ነው የከፈተው?" አለችኝ። አንድ ጠጋኝ ነው አልኳት። ምን ዓይነት ሰው ነው ብላ ስትናደድ፣ የማይረባ ሰው ነው አልኩ። ሁለተኛ ዕቃ እንዳይሰጡት ብላ መከረችኝ። አልሰጠውም አልኳት። እናትሽ ብትኖር ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። በሦስተኛው ቀን ደውላ፣ ዲስኩ ሌላ ከተማ፣ አቧራ የማይገባበት ክፍል ያለው ባለሙያ ዘንድ እንደሚላክ ነገረችኝ። ሰውየው ግን በምን እንደተጠረገ ሳያውቅ ከነካው የተረፈውንም ሊያጠፋው ነው፤ ስለዚህ ያንን ጠጋኝ ይጠይቁልኝ አለች። ሱቋ ድረስ ሄድኩ። ደንበኛ ነበረና እስኪወጣ ጠበቅኩ።

"በጥጥና በአልኮል ነው" አልኳት። "ጠጋኙም እኔ ነኝ።"

መነጽሯን ከግንባሯ አወረደችና ያልኩትን ወረቀት ላይ ጻፈች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የሚያነበውን ክፍል ከሌላ ተመሳሳይ ዲስክ አውጥተው ቀየሩለት። እኔ የጠረግኩት የላይኛውን ገጽ ነበርና የሥሩ ተርፏል። ነገር ግን ረጅም ቅጂ በሁሉም ገጽ ተበታትኖ ነው የሚቀመጠው አሉኝ፤ ስለዚህ ረጃጅሞቹ በሙሉ ተቦዳድሰው የማይሰሙ ሆነዋል። ስለ ልጅነቷ ያወራችው የለም። ስለ ተጋባንበት ቀን ያወራችው የለም። "አንድ ቀን ለሚወለድልሽ" ብላ ያዜመችው እሹሩሩም የለም። ከሁሉ አስቀድመሽ የጠየቅሽኝ እሱን እንደነበር አውቃለሁ። ዜማውን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁና በአፌ አለ፤ ግን የሷን አጥፍቼ የኔን ድምፅ ልልክልሽ አፈርኩ።

የተረፉት አጫጭሮቹ ናቸው፤ አሥራ አንድ። በአንዱ "በርቷል እንዴ?" ትላለች። በአንዱ ታስላለች። በአንዱ ነርሷን በካልሲዋ ታሾፍባታለች። በአንዱ "ዝጊው፣ ደክሞኛል" ትላለች። በፖስታው ውስጥ ባለችው ፍላሽ ታገኚያቸዋለሽ። ሌላ ግልባጭ ሴትዮዋ ዘንድ አለ። እኔ ጋ እንዲቀመጥ አልፈለግኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቋ እሄዳለሁ፣ ማዳመጫዋን ታውሰኛለች፣ ጥጉ ላይ ካለችው ወንበር ቁጭ እላለሁ። ይህንንም የምጽፍልሽ እዚያው ሆኜ ነው።

የመጨረሻዋን ሳትሰሚ ከእኔ ብትሰሚ ይሻላል። አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ናት። አንቺ "አባዬ፣ ና አንተም አንድ ነገር ተናገር" ትያለሽ። ከጓዳ "ሥራ ላይ ነኝ!" የሚል ሰው አለ። እኔ ነኝ። ያን ቀን ሥራ ያልኩት የጎረቤት ማራገቢያ ነበር፤ ለሌላ ቀን ይደርስ ነበር። እናትሽ ትስቃለች። ሳትቀየም፣ እንዲያው እንደ ወትሮዋ፣ "ተይው" ትልሻለች። "እሱ የሚሰማኝ ሲያጣኝ ነው።"

ብትቀየሚኝ እውነት አለሽ። በሰላም ያገላግልሽ። የሚወለደው በሳቁ እናትሽን ይምሰል፤ በእልሁ ግን እኔን አይምሰል። እስክትጽፊልኝ አልደውልም፤ ስልኩ ግን ከአጠገቤ አይጠፋም።

አባትሽ፣
ያ የማይረባው ጠጋኝ