እትዬ ዘነበችን ያጠብኩ ሰሞን

ለታዬ፣ ለዓይኔ ብርሃን፤

ከተለየኸኝ አራት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሰላም ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ከዚህ ሰፈር ወጥተህ ሰላም ካላገኘህ የት ልታገኝ ነው? እኛ ደህና ነን። ልጅህ ቤቲ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት በልጣኛለች። የጋራዥ ቱታህን ለወንድምህ ሰጠሁት። ከፊታችን የነበረው ቡና ቤት ፈርሶ መስታወት በመስታወት የሆነ ፎቅ ቆሟል። እኔ አሁንም እዚሁ ካዛንቺስ፣ እዚያው መሥሪያ ቤት፣ ደብዳቤ እተይባለሁ።

ያልነገርኩህ ነገር አለ። አንተ ከሄድክ በኋላ ሰው አስጠላኝ።

የጀመረኝ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነው። በአንድ ግድግዳ የምንጎራበታቸው እትዬ ዘነበች ሊያስተዛዝኑኝ መጥተው ውሃ ሲቀርብላቸው፣ ከነጠላቸው ሥር የራሳቸውን ብርጭቆ አወጡ። ሰው ሁሉ አየ። አንተን የገደለህ ኩላሊትህ ነው፤ ሐኪሙ ለሁለታችንም ነግሮናል። እሳቸው ግን «በዚያ በሽታ ነው፤ ምስኪን፣ እሷም አትቆይም» እያሉ ሰፈሩን አዳርሰውት ኖሯል። በዚያ በሽታስ ቢሆን ኖሮ? የሐዘንተኛ ቤት ውሃ መጸየፍ ምን የሚሉት ክርስትና ነው?

ከዚያ በኋላ ቤቲን ከልጆቻቸው ጋር እንዳትጫወት የከለከሉ እናቶች ነበሩ። እነዚያኑ ሰዎች እሑድ ጠዋት የቂርቆስን ደጅ ሲሳለሙ ሳይ ያቅለሸልሸኝ ጀመር። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውኩ። ጸሎቱም እምቢ አለኝ፤ አባታችን ሆይ ብዬ እጀምርና «የበደሉንን» የሚለው ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። ቀጥሎ ድካም መጣ። ተኝቼ የማይለቀኝ ድካም። ቢሮ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ዝም ብዬ እቆም ነበር። የበላሁት ሁሉ አመድ አመድ ይለኛል።

ባለፈው ዐቢይ ጾም እትዬ ዘነበችን ስትሮክ መታቸው። ግማሽ አካላቸው አልንቀሳቀስ አለ። ያለቻቸው አንድ ልጅ አረብ አገር ናት፤ ሠራተኛቸው ደግሞ ሽታው ሲበረታባት ጥላቸው ሄደች። ሽታው በግድግዳው ስንጥቅ እኛም ቤት ይገባል። ጎረቤት ምግብ በራቸው ላይ አስቀምጦ፣ አፍንጫውን ይዞ ይመለሳል።

እኔ ደስ አለኝ። አትደንግጥ ታዬ፣ ከልቤ ደስ አለኝ። «አሁን ማን ማንን ይጸየፍ?» አልኩ ለራሴ። ይህን ካልኩ በኋላ ግን ከሰዉ ሁሉ ይልቅ ራሴ አስጠላኝ።

በማግስቱ ከሥራ ወጥቼ፣ ታክሲ ሳልይዝ በእግሬ ቂርቆስ ድረስ ሄድኩ። የንስሐ አባታችንን አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው።

«አባ፣ ልወዳቸው አልችልም» አልኳቸው።

«ማን ውደጂ አለሽ?» አሉኝ ቆጣ ብለው። «ውሃ አሙቂና እጠቢያቸው። መውደዱን ለባለቤቱ ተይው።»

ተናድጄ ተመለስኩ። ተናድጄ ውሃ አሞቅሁ። በሩን ስከፍት ሽታው እንደ ጥፊ መታኝ። ጀርባቸው ቆስሏል፤ አንሶላው ቁስሉ ላይ ተጣብቋል። ወጥቼ ግቢው ውስጥ አስመለሰኝ። አፌን ጠርጌ ተመልሼ ገባሁ። በሁለተኛው ቀንም አስመለሰኝ። በሦስተኛው ቀን እጃቸውን በሳሙና ሳሽ የአንተ እጅ ትዝ አለኝ። ቡልጋሪያ ሰፈር ካለው ጋራዥ ስትመጣ፣ በዘይት የጠቆረውን እጅህን ከኋላህ ደብቀህ «አትንኪኝ፣ ቆሻሻ ነኝ» ትለኝ ነበር፤ እኔም እየሳቅሁ ጎትቼ አጥብህ ነበር። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እትዬ ዘነበች በግማሽ አፋቸው፣ እየተንተባተቡ «አንቺ... አትጸየፊኝም?» አሉኝ።

«እጸየፍዎታለሁ እትዬ» አልኳቸው።

ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እኔም ያኔ... ፈርቼ ነው» አሉ።

ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም ይቅር ብዬዎታለሁ አላልኩም። ጀርባቸውን አደራርቄ ንጹሕ አንሶላ አለበስኳቸው። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ አባታችን ሆይ አልኩ፤ ጸሎቱ ሳይያዝብኝ እስከ መጨረሻው ሄደ። ራሴው ደነገጥኩ። ቤቲ ያቀረበችልኝን ሽሮ በላሁ፤ ጨው እንደበዛበት ታወቀኝ። ጨው ከቀመስኩ ስንት ጊዜዬ መሰለህ? ከዚያም እስኪነጋ ተኛሁ።

አሁን እሑድ እሑድ ቅዳሴ አስቀድሳለሁ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ይጋፋሉ፣ ይተማማሉ፣ አንዳንዴ አሁንም ያቅለሸልሸኛል። ግን አቋርጬ አልወጣም። እዚያ ያቆመኝ እነሱ እንዳልሆኑ አውቄያለሁ። ያ ድካም ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል አልልህም፤ ግን ጠዋት ስነሣ እግሬ ይታዘዘኛል። እትዬ ዘነበችም አሉ፤ ቀን በቀን አጥባቸዋለሁ።

እስክንገናኝ ድረስ የክርስትና ስምህን በየቅዳሴው እጠራለሁ፤ ይህን ቃል ገብቼልሃለሁ። ከአንተ ቀጥሎ የእሳቸውን ስም እጠራለሁ። ቅር ካለህ ቅር ይበልህ፤ እኔንም ገና ቅር ይለኛል። ብቻ እጠራዋለሁ።

ባለቤትህ፣ አስቴር